ያልተሰረቀው ደራሲ

መጽሐፉን ሌባ እንኳ ያልፈለገው ሰው ደራሲ ይባላል?

ከፕራግ ተምሮ የተመለሰው ሰውዬ ይህን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ሰነበተ። የከተማው ደራሲ ሁሉ «ድካሜን ቴሌግራም ላይ በነፃ በተኑብኝ» እያለ ያማርራል። የእሱን መጽሐፍ ግን የነካው የለም።

መጽሐፍ ሻጩ አስራደም አላዘነለትም። «ያንተ መጽሐፍ እኮ ጨዋ ነው ወንድሜ» አለው አቧራውን እያራገፈለት። «ከመደርደሪያው ወርዶ አያውቅም።»

ሰውዬው እቤቱ ገብቶ መጻሕፍት በነፃ ወደሚታደሉበት አንድ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ የራሱን መጽሐፍ ፒዲኤፍ በሐሰት ስም ላከ።

ሲነጋ ያወረደው ሰው ለጉድ ነው። አስተያየቱም ይጎርፋል። «አንጀት የሚበላ ታሪክ።» «በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።» «አጨራረሱ አስለቀሰኝ።» አንዷማ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ተናዳ እራቷን ሳትበላ ማደሯን ጻፈች።

የሰውዬው ዓይን እንባ አቀረረ። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰውን አጨራረስ እሱም ደግሞ ሊያነብበው ፋይሉን ከፈተ። ሽፋኑ አለ። ለእናቱ የጻፈው መታሰቢያ አለ። ማውጫውም አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በችኮላ የላከው ለማተሚያ ቤቱ ናሙና ያዘጋጃቸውን የፊት ገጾች ብቻ ኖሯል።

ትንሽ አሰበና በዚያው በሐሰት ስሙ፣ «ወገኖቼ፣ ታሪኩ እኔ ጋ ቀርቷል። ልላክላችሁ?» ሲል ጻፈ።

መልእክቱን ያየው ሰው ብዙ ነው። የመለሰ ግን የለም።