መቶ ሃያ ቁራጭ ወረቀት

ፕሮፌሰሩ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሐሳብ ሁሉ በየቁራጭ ወረቀቱ ተጽፎ፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ዘመድ ከዘመዱ ሳይሰበሰብ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ክልክል ነው። ተማሪዋ ቺዙሩ በጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ ሰፈሮች ግማሽ ዓመት ዞራ ለጥናቷ የለቀመችውን ሁሉ በመቶ ሃያ ቁራጭ ላይ አስፍራለች። ጥናቱን ዓርብ ካላቀረበች ርዕሱ ለክፍል ጓደኛዋ ለኩራሞቺ ያልፋል።

ኩራሞቺ የስልሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከልጆች ጋር ይማራሉ።

ሰኞ ዕለት የቁራጮቹን ሣጥን ለአንድ ቀን እንድታውሳቸው ለመኗት። አደራደሩ አልጣማቸውም፤ እስቲ እኔም ልሞክረው አሉ። ቺዙሩ ቅር እያላት ሰጠቻቸው። ደረጃውን ሲወርዱ ሁለቴ ቆመው አረፉ።

ማክሰኞ አልመጡም። ረቡዕም እንዲሁ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም።

«ሽማግሌው ዘግተው እየጻፉልሽ ነው፤ አንቺ እዚህ ታፏጫለሽ» አለ የክፍል ጓደኛዋ ኢሳኩ።

ቺዙሩ አልሳቀችም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

ሐሙስ ቤታቸው ሄደች። ደወሉን ደጋግማ ተጫነች። ውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ የሚመልስ ግን የለም። በረንዳው ላይ የተሰጣው ሸሚዝ ዝናብ ይወርድበታል። ጎረቤታቸው አሮጊት ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ።

«እማማ፣ ጋሼ ኩራሞቺ አሉ?»

«ይኖራሉ። መብራታቸው ሌት ተቀን አልጠፋም። የሰው ደጅ ማንኳኳት ነውር ሆኖብኝ ነው እንጂ...»

«ሥራ በዝቶባቸው ነዋ። በእኔ ወረቀት!»

ንዴቷ ገነፈለ። የበሩ ደብዳቤ ማስገቢያ በጋዜጣ ታፍኗል፤ ሰውዬው ለማንበብ እንኳ ፋታ አጥተዋል። ጋዜጦቹን ስባ አወጣችና «አደራ በላ» ብላ የጻፈችባትን ወረቀት አስገብታ ሄደች።

መቶ ሃያውንም ከራሷ አውጥታ እንደገና ጻፈች። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ዘመድ ከዘመዱ አገናኘች። እንዲህ አምሮላት አያውቅም፤ ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ መጡ። የኩራሞቺን ባዶ ወንበር አዩና ወደ ቺዙሩ ጠረጴዛ አለፉ። የጥናቷን ጥያቄ ጮክ ብላ እንድታነብ አዘዟት።

ቺዙሩ ተነሥታ አነበበች፦ «ብቻውን የሚኖር አዛውንት ቤቱ ውስጥ ሞቶ ቀናት ሲያልፉ፣ ደጁ የደረሰ ሰው ምልክቱን ሁሉ እያየ ለምን ዝም ብሎ ይመለሳል?»