አንድ እግር ካልሲ

ትርፌ ውሻዋ ቡቺ ሌት ተቀን እየላሰ የላጠውን እግሩን ዙሪያውን ሸልታ፣ በጨው ውሃ አጥባ አደረቀችለት።

“ውሻ እንዲህ የሚልሰው ሲከፋውም ነው” አለ ሊያክመው የመጣው የእንስሳት ሐኪም። “በቅርቡ በሞት የተለየው ሰው አለ?”

“ሳይኖር አይቀርም” አለች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የክሊኒክ ወረቀት እያየች። “ሀዘንዎ ከነትዝታው ተነቅሏል” ይላል። ዛሬ ሀዘኑን የማያስነቅል ሰው የለም፤ እሷም አስነቅላለች። ማን እንደሞተባት አታውቅም።

“እንግዲህ እንዳይልሰው ይሸፍኑለት።”

መሳቢያ ውስጥ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ አገኘችና አጠለቀችለት። ቡቺ አሸተተው። መላሱን ትቶ አፍንጫውን ካልሲው ላይ አሳርፎ ተኛ።

ትርፌም ጎንበስ ብላ አሸተተችው። እሷን የሸተታት ሳሙና ብቻ ነበር።