ቀሚሱ ላይ የተጠለፈው ቁጥር

ልብስ ሰፊው ነጅሙዲን፣ ተማሪው የሆነችው ራዊያ ከቀሚሷ ወገብ በስተውስጥ በቀይ ክር የጠለፈችውን ስልክ ቁጥር ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ሁለት ዓመት ያስተማራት ልጅ ከሰዓት በኋላ ከቆቦ ተነስታ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጣ ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ነበር። “የስፌት መኪናዬን ውሰጂና ቅሪ” ቢላትም እምቢ ብላለች።

“ይሄ አንድ ነው ሰባት? አይለይም። ፍቺውና ድገሚው።”

“ሬሳ የሚያገላብጥ ሰው ስፌት አይነቅፍም፣ ጋሼ” ብላ ሳቀች።

“ተሳስቶ ሌላ ቤት ይደውላላ! እናትሽ ሳትሰማ ትቅር?”

“የእናቴን አይደለም። እሷ እንዲህ ያለውን ወሬ አትችለውም፤ የአንቱን ነው የጠለፍኩ። አብሽሩ።”

የእናቷ መስሎት፣ ሰባቱም ተበላሽቶበት የገዛ ቁጥሩን አላወቀውም ነበር። መርፌውን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ፈታው። እንዳስተማራት አጥብቆ ጠለፈው፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቀሚሱን አጥፎ አግዳሚው ላይ አኖረው።