ሃርድ ዲስኩ ታየ ወይ?

ሰውዬው የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ አዲሱን ሃርድ ዲስክ በሁለት እጁ ያዘ። ልብ የሚቀይር ሐኪም እንኳ እንዲህ አይጀነንም። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ስልክ ምን ማድረግ እንዳለበት ትነግረው ነበር። ያ ስልክ ይህን ያህል ያወራበትን ቀን ግድግዳዎቹም የሚያስታውሱ አይመስሉም።

«አባዬ፣ ከሶኬት ነቅለኸዋል አይደል?»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ይሄ ሰፈር ኮምፒውተር ሳያይ እኔ ስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ!»

«እሺ፣ ሊቁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ባዶውን ሳሎን እስከ ጣሪያው ሞላው። ሰውዬው ገመዶቹን ሰካ፤ ብሎኖቹንም ድልድይ የሚያስር ይመስል ቀስ ብሎ አጠበቀ። ሲያበራው አዲሱ ዲስክ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ታየህ? ከታየህ አለቀ፤ እኔም ልሂድ፣ ሥራ አለብኝ።»

ሰውዬው አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ስልኩን አየ። ዕድሜውን ሙሉ «አልችልም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልጁ የምታየው ይመስል የዲስኩን ስም በመዳፉ ሸፈነው።

«ኧረ ምንም የለም፣ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እንጃ፣ አልቻልኩበትም። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»