የዘርጋው ግራ ጆሮ

ባሌ ዘርጋው ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይቧቀሳል። የሞቱ የከባድ ሚዛን ቡጢኞችን በኮምፒውተር ከየዘመናቸው እያመጡ በቴሌቪዥን ያጋጥሟቸዋል። ማሽኑ የሚያውቀው በድሮ ፊልሞቻቸው ላይ የታየውን ብቻ ነው ብለው አስፈርመውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሱ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ከነበረ ቡጢኛ ጋር ገጠመ። ደወሉ ሲደወል ዘርጋው አንገቱን ጠምዝዞ ቀኝ ጆሮውን ለደወሉ ሰጠ። ክው አልኩ። ግራ ጆሮው እንደማይሰማ ከሐኪሞቹ ሳይቀር ደብቆ የኖረ ሰው ነው። ሪንግ ላይ የዳኛውን እጅ እያየ ነበር የሚነሳው፤ አንድም ቀን እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ለልጄ ለምንትዋብ ነገርኳት።

«ለሰው አውርተሽ ይሆናላ፣ እማዬ።»

«ለማንም አላወራሁም!»

ለፎቶው ካልሆነ በቀር። ጠዋት ጠዋት ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለውን ፎቶውን ስወለውል አወራዋለሁ።

ሰኞ እየወለወልኩት፣ ሆን ብዬ፣ «ያ ቀኝ ጉልበትህ እንዴት ያሰቃይህ ነበር!» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ጉልበቱን ታሞ አያውቅም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዘርጋው ከጥጉ ሲነሳ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ባላጋራው አየና በዚያው ጎን ገባበት። በሁለተኛው ዙር ዘረረው።

«አባዬ ጉልበቱን ያመው ነበር እንዴ?» አለች ምንትዋብ።

ይቅርታ ልለው ከቴሌቪዥኑ በላይ ወዳለው ፎቶ ቀና አልኩ። ድምፄን ማውጣት ግን ፈራሁ።