የወለላ ጉርሻ

ወይዘሮ ፈለቀች ምራታቸው መርዝ እንደምታበላቸው እርግጠኛ የሆኑት የጥቅምት ብርድ ሳይወጣ ነው። ለማንም አልተናገሩም። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የገፉ ሴት ናቸው፤ ማስረጃ የሌለው ክስ እንደማይቆም ያውቃሉ።

የሚኖሩት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ልጃቸው ከአምላኩ ጋር ነው። አምላኩ ዕፀገነትን ያገባው በመስከረም ነበር። በሠርጉ ሰሞን፣ እናቱ የተገፉ እንዳይመስላቸው ብሎ አንዲት በቀቀን ገዛላቸው። አረንጓዴ ናት፤ አንገቷ ላይ ቢጫ አላት። ወለላ አሏት።

ሙሽራዋ ገብታ ብዙም ሳትቆይ ሳል ጀመራቸው። ደረቅ ሳል ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር ድካም ተከተለ። ጤና ጣቢያ ሄደው ለጉንፋን የሚሆን ኪኒን ተሰጣቸው። ኪኒኑ አልሠራም።

“ቤቱ ደህና ነበር። ምን አዲስ ነገር ገባበት?” ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

መልሱ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለላ ቀማሽ ሆነች። ዕፀገነት ምሳ ስታቀርብ ወይዘሮ ፈለቀች “ክፍሌ እበላለሁ” ብለው ሳህኑን ይዘው ይገባሉ። በሩን ይዘጋሉ። እንጀራ ቆረስ፣ ሽሮ ነካ አድርገው ለወፏ ይሰጣሉ። ወለላ ትበላለች፤ ትንጫጫለች። እሳቸውም ከቆዩ በኋላ የቀዘቀዘውን ይበላሉ። ሳሉ ግን አልተዋቸውም።

“ትንሽ ትንሽ ነው የምታደርገው። ለወፍ የማይታወቅ፣ ሰውን ቀስ በቀስ የሚጨርስ” አሉ በሆዳቸው።

ቀማሽ ደግሞ ጤነኛ መሆን አለበት። ወለላን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዟት። ዳጉሳና ሱፍ ያበጥሩላታል፤ ውሃዋን ጠዋትና ማታ ይቀይራሉ፤ ጎመንና ካሮት ይከትፉላታል። ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘግተው የሽቦ ቤቷን ከራስጌያቸው አስቀመጡ። ኩሷን ራሳቸው ይጠርጋሉ። የላባዋ ብናኝ ትራሳቸውን ነጭ ሲያደርገው ያራግፉታል። ስታኮርፋቸው በከንፈራቸው ያጎርሷታል።

አንድ ቀን ዕፀገነት ልብስ ልታስቀምጥ ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

“እማማ፣ ክፍሉ ታፍኗል። መስኮቱን ብከፍተውስ?”

“ወፏን ብርድ ይመታታል።”

“እሷን ታዲያ በረንዳ ላውጣት? ፀሐይም ታገኛለች።”

“ከእኔ ልትለዪአት ለምን ፈለግሽ?”

ዕፀገነት ልብሱን አልጋው ላይ አኑራ ወጣች። ወይዘሮ ፈለቀች ጥያቄዋን ያዙባት።

በኅዳር እህታቸው አለም ጥቂት አረፍ እንዲሉ የካ አባዶ ወሰዷቸው። ወለላን በታክሲ ማንገላታት አልወደዱም። ምራታቸው የምትፈልገው እሳቸውን እንጂ ወፏን አይደለም፤ እሳቸው በሌሉበት ምን ታደርጋታለች? ትተዋት ሄዱ።

እህታቸው ቤት ጥቂት እንደሰነበቱ ሳሉ ለቀቃቸው። ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ገንፎ አስደገሙ።

“አየሽ አለም? ከእጇ ስወጣ ዳንኩ።”

“ከማን እጅ?”

“ተይው። ጊዜው ሲደርስ ትሰሚያለሽ።”

ሲመለሱ በሩን የከፈተችላቸው ዕፀገነት ናት። “ወለላ ደህና ናት እማማ፤ ቤቷን በየቀኑ ጠርጌላታለሁ” አለችና አፏን በእጇ ይዛ ሳለች። ፊቷ ገርጥቷል። ወይዘሮ ፈለቀች አላዘኑላትም። ሌባ ከተዘረፈው ጋር አብሮ እንደሚጮህ ያውቃሉ።

ብዙ ሳይቆይ የእሳቸውም ሳል ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ወለላ ላባዋን ነፍታ ከመቆሚያ እንጨቷ ወርዳ ተገኘች። ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። የመጨረሻ የቀመሰችው የዕፀገነትን ምስር ወጥ ነው።

ወይዘሮ ፈለቀች ሳሎን ወጡ። ሁለቱም ቁርስ ላይ ነበሩ።

“አምላኩ፣ ሚስትህ ከመጣች ጀምሮ መርዝ እያበላችኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ወፏን ጣለቻት።”

“እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?”

“ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ እኔ።”

ዕፀገነት ከወንበሯ ተነሣች። ባሏን አየችው፤ እሱ ወለሉን ያያል። ሻንጣዋን አዘጋጅታ እስክትወጣ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ደረጃውን እየሳለች ስትወርድ ድምፅዋ እስከ ታች ተሰማ።

አምላኩ እናቱንና ወፏን አትላስ አካባቢ ወደሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰዳቸው። ወይዘሮ ፈለቀች የተረፈውን ምስር በጠርሙስ ይዘዋል። ሐኪሟ ዶክተር ሜቲ ወፏን ጠጋ ብላ አየቻትና ወደኋላ ተመለሰች። የአፍ መሸፈኛና ጓንት አደረገች። ከዚያ ናሙና ወሰደች።

“ይህንንም መርምሪልኝ ልጄ። ፍርድ ቤት ይፈለጋል” አሉ ጠርሙሱን እያቀበሏት።

ዶክተር ሜቲ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። “ሳሉ ከጀመረዎት ቆየ እማማ?”

“ልጄ ካገባ ጀምሮ።”

“ወፏስ ከመጣች?”

“እሷም ያኔ ነው የመጣችው። እሷ ባትኖር እስካሁን አፈር በልቼ ነበር።”

ውጤቱ በደረሰ ቀን ወይዘሮ ፈለቀች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸውን ምስክር እንዲሆን አስከትለው ዶክተር ሜቲ ፊት ቀረቡ። “መርዙን ስሙን ብቻ ንገሪኝ” አሉ።

“ማንም መርዝ አልሰጣትም እማማ፤ ወለላ ከተገዛች ጀምሮ ከኩሷና ከላባዋ ብናኝ ወደ ሰው የሚተላለፍ የወፍ በሽታ ነበረባት፤ እርስዎንም ያስያዘችዎት እሷው ናት።”