ቡላ ደራሹን ሲሻገር

«ኮርቻውን ያዢ! በሁለት እጅሽ!» አለ ያሕያ። ሠርካለም ገና አንድ እግሯን እንዳሻገረች ግመሉ በኋላ እግሮቹ ተነሣ። ወደ ፊት ተወረወረች። የፊት እግሮቹን ሲዘረጋ ደግሞ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ዓይኗን ስትገልጥ ወንዙ ዳር ያደረሳት አምቡላንስ ጣሪያ ከበታቿ ነበር።

«በስመአብ! ይሄ ሰገነት ነው እንጂ ከብት ነው እንዴ?»

ዛሪማ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዙ ግን ከላይ ደባርቅ ደጋው ላይ የወረደውን ዝናብ ተሸክሞ፣ ግንድና ድንጋይ እያላጋ ደርሷል፤ ለመኪና አይሞከርም። ማዶ ካለችው መንደር የያሕያ ሚስት ረህማ ምጥ ጠንቶባት ከመደብ መነሣት አቅቷታል። ያሕያ ውሃው ሳይሞላ ተሻግሮ አዋላጅ ነርሷን ሠርካለምን ሊወስድ የመጣው ሰሊጥ በሚጭንበት ግመሉ፣ በቡላ ነው።

ሠርካለም የደጋ ልጅ ናት፤ በቅሎ መቀመጥ ታውቃለች። ይሄ ግን ሌላ ነው። ግመሉ የአንድ ጎን እግሮቹን አብሮ ሲያነሣ ወገቧ ወዲህ፣ ትከሻዋ ወዲያ ይሄዳል።

«አትታገዪው ሲስተር። ወገብሽን ልቀቂለት።»

ለቀቀችለት። መንገላታቱ ቀርቶ እሷም አብራው መሄድ ጀመረች።

ውሃው የቡላን ሆድ፣ ገመዱን ይዞ ከፊት የሚመራውን የያሕያን ደረት ነካ። ሠርካለም የማዋለጃ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቅፋለች። መሀል ላይ ሲደርሱ ያሕያ የረገጠው ድንጋይ ተንከባለለ። ጭንቅላቱ ከውሃው ሥር ገባ።

«ያሕያ!»

ገመዱ ተወጠረ፤ የቡላ አንገት ተስቦ አፍንጫው ውሃውን ነካ። አንድ እርምጃ ቢንሸራተት ሦስቱንም ደራሹ ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ቡላ አራት እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ ቆመ። ጎርፉ ጎኑን ሲመታው አጉረመረመ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ሠርካለም የጡንቻው መንቀጥቀጥ በጭኗ ይሰማታል።

«ቡላ… ቡላዬ… አደራህን…»

ግመሉ አንገቱን ቀስ እያለ፣ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው፣ ወደ ላይ ሳበ። ያሕያ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣ። እያሳለው የቡላን አንገት አቀፈ፤ እግሩም መሬት አገኘ።

«ቦርሳው አለ?»

«አለ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንሂድ።»

ዳር ሲወጡ ያሕያን ድንጋዩ የመታው እግሩ አላስኬድ አለው። ገመዱን ወረወረላትና «ቤቱን ያውቀዋል፤ እኔን አትጠብቂ!» ብሎ ጮኸ። ቡላ አቀበቱን ይዞ ሮጠ። ነፋሱ ነጠላዋን አስለቀቃት፤ የእሾህ ቅርንጫፎቹ ከእግሯ ሥር ወደ ኋላ ሸሹ። እፈራለሁ ብላ ስትጠብቅ፣ ወፍ የሆነች መስሏት ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

የያሕያ እናት ኑራ በር ላይ ቆመው ነበር። «ድረሽልኝ ልጄ! የሕፃኑ እግር ቀድሟል!»

ሠርካለም ግመሉ ተንበርክኮ ሳያበቃ ዘላ ወረደች። ቤት ውስጥ ረህማ የኑራን እጅ ነክሳ አማጠች፤ ሠርካለም ላብና የወንዝ ውሃ ዓይኗን እየጋረዳት ልጁን በእግሩ ተቀበለች። አልጮኸም። ጀርባውን አሸችው፣ አፉን ጠረገችው፣ እንደገና አሸችው። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ ቁጡ ጩኸት ቤቱን ሞላው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች፤ ረህማም አለቀሰች።

ያሕያ እያነከሰ ደርሶ በሩ ላይ ተደግፏል።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው። ወንድ ነው» አለችው ሠርካለም።

ያሕያ በእርጥብ ፎጣው ፊቱን ሸፍኖ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ሠርካለም አየር ልትቀበል ወጣች። ቡላ ግቢው መሀል ተንበርክኮ ያመሰኳል፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሩቁን ያያል። ገመዱ የአፍንጫውን ቆዳ ገሽልጦታል። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ፋሻ በመድኃኒት ነክራ ፊቱ ተንበረከከችና ቁስሉን ቀስ አድርጋ ጠረገችለት።

ቡላ ማመስኳቱን አቆመ። ረጅም ሽፋሽፍቱን ከደነና አገጩን መዳፏ ላይ አሳረፈ።